የዶክተራችን ፎቶ የጠቆረ ሰሞን

ሐኪሞች ሆይ፣ የስልክ ቁጥራችሁን ለማንም ስጡ፤ ለእኔ ግን አትስጡኝ። ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም። ክፉ ብሆንማ ቁጥሩን ይዤ ዝም እል ነበር። የእኔ ችግር ሰው መውደዴ ነው፤ ያውም በጠዋቱ።

ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ አምፖልና ሶኬት እሸጣለሁ። ሃምሳን ካለፍኩ ወዲህ አብረውኝ የሚኖሩት ሁለት ናቸው፤ ደም ግፊትና ባለቤቴ ሰናይት። ደም ግፊት ምልክት ሳያሳይ ነው ሰው የሚጥለው ይባላል። ሰናይት እንኳ ምልክት ታሳያለች።

ግፊቴን የሚከታተልልኝ ዶክተር ያሬድ ነው። ክሊኒኩ ፒያሳ ነው፤ ከሥሩ ኬክ ቤት ያለበት አሮጌ ፎቅ ላይ። ቦታውን ማን እንደመረጠው እንጃ። ስኳር ያለበት ሰው በክሬም ሽታ መሃል አልፎ ነው ስኳሩን ለመለካት የሚወጣው። እኛ ግፊታሞቹን ደግሞ ደረጃው ራሱ ይለካናል። ላይ ስትደርሱ ልባችሁ ቀድሟችሁ ገብቶ ወረፋ ይዟል።

ያሬድ በዕድሜው ልጄ ቢሆን የሚያምርበት ሰው ነው። እንደሱ የሚያዳምጥ ሰው ግን በሕይወቴ አላየሁም። ከሱ በፊት ያየኝ ሐኪም ወንበሩ ሳይሞቅልኝ ማዘዣውን ጽፎ «የሚቀጥለው!» ይል ነበር። ያሬድ «እንቅልፍስ እንዴት ነው ጋሼ?» ይልና ዝም ብሎ ይጠብቃል። እኔን ዝም ብሎ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ ሰናይትን ጠይቋት። ከእንቅልፌ ተነስቼ፣ በአባቴ ማንኮራፋት አልፌ፣ የሰፈራችን ሰው ድሮ እንዴት ይተኛ እንደነበር እስክጨርስ ያዳምጠኛል። ስወጣ ግፊቴ ኪኒን ሳልውጥ ወርዶ ይገኛል። እንዲህ ያለ ሐኪም አንዴ ካመለጠ አይገኝም። የማወራላችሁ ጉድ ሁሉ የመጣው፣ ይህ ሰው እንዳያመልጠኝ ስሯሯጥ ነው።

ጥፋቱን የጀመረው እሱ ነው። አንድ ቀን የላቦራቶሪ ውጤቴ ዘገየና «ጋሼ፣ ነገ ሱቅ ዘግተው አይመላለሱ፤ ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይላኩልኝ» አለኝ። ልብ በሉ፤ ውጤቱን ነው ያለው። በማግስቱ ላኩለት። «በጣም ጥሩ ነው፣ መድኃኒቱን ይቀጥሉ» አለና አንድ ቢጫ አውራ ጣት ጨመረበት።

ያቺን አውራ ጣት ባይልክ ኖሮ ሁላችንም ሰላም እንሆን ነበር። ሌላ ሰው «እሺ፣ ገብቶኛል» ብሎ የሚያነባትን ጣት፣ እኔ «ቤታችን ቤትህ ነው» ብዬ አነበብኳት።

በማግስቱ ጠዋት «እንደምን አደርክ ዶክተር» የሚል ጽሑፍ ከጽጌረዳ አበባ ጋር ላኩለት። በጊዮርጊስ ዕለት ከነፈረሱ ጊዮርጊስን። ከዚያ ምሳዬን። «ዶክተር፣ ይህን ሽሮ ልብላው?» ሽሮው በፎቶ ላይ ጨው እንዳለው አይታወቅም፤ እሱ ግን «ጨው ይቀንሱ» ብሎ መለሰልኝ። ሐኪም ማለት ይሄ ነው ብዬ ለደንበኛ ሁሉ አሳየሁ። ከዚያ ምላሴን ላኩ። ሳሌን በቮይስ ላኩ፤ መጀመሪያ ደረቁን፣ ቀጥሎ አክታ ያለውን፣ እንዲያነጻጽር። አንድ ሰውዬ ጫካ መሃል ቆሞ ሐኪሞች የደበቁንን የነጭ ሽንኩርት ሚስጥር የሚያጋልጥበት ቪዲዮ ሲደርሰኝ ደግሞ፣ የማውቀው ሐኪም እሱ ብቻ ስለሆነ ለሱው ላኩለት። ደብቆኝ ከሆነ ይንገረኝ ብዬ።

ይህም አልበቃኝም። እኛ ሰዎች ሦስት ሆነን አንድ አግዳሚ ላይ ከተቀመጥን ወይ እቁብ እንጀምራለን ወይ ማኅበር እናቋቁማለን። የክሊኒኩ አግዳሚ ላይ ከጎኔ የሚቀመጡት እትዬ አስካለና ሙደሲር ነበሩ። እትዬ አስካለ ከመዝገብ ቤት ሥራ በጡረታ የወጡ፣ ስኳራቸውን በፀሎትና በኪኒን የያዙ፣ የሰፈራቸው እድር ያለሳቸው ሬሳ የማያወጣ ሴትዮ ናቸው። ሙደሲር ፒያሳ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣል፤ ጨጓራ አለበት፤ ጨጓራውን ስለ ሰው ሲያወራ ነው የሚያስታግሰው። ወረፋ ስንጠብቅ «ለምን በቴሌግራም አንገናኝም?» አልኩ። ወዲያው ግሩፕ ከፈትኩ። ስሙን «የዶክተር ያሬድ ልጆች» አልነው፤ ከመሃላችን ከሱ የሚያንስ ባይኖርም። እኔ ሰብሳቢ፣ እትዬ አስካለ ጸሐፊ። አግዳሚው ላይ የተቀመጠውን ሁሉ አስገባን። በመጨረሻ ዶክተሩን ራሱን አስገባሁት።

«አስፈቅደኸዋል?» አለኝ ሙደሲር።

«ማኅበር የሚጠጣ ሰው ጻድቁን አስፈቅዶ ያውቃል?» አልኩት።

ግሩፑ ጥሩ ሄደ። ሰው ጠዋት ጠዋት ስኳሩን ይጽፋል፣ ሌላው «ተመስገን» ይላል። ዶክተሩ ምንም አይናገርም፤ ጻድቅም አይናገርም። እስከዚያች ማክሰኞ ድረስ።

ያቺን ማክሰኞ እንዴት እንደምነግራችሁ እንጃ። የሰው ልጅ የትም ቦታ እባጭ ይወጣበታል፤ እኔ ላይ የወጣው ስቀመጥ የምቀመጥበት ቦታ ነው። ሰናይትን ፎቶ አንሺልኝ ብላት «በሠርጋችን ቀን ይህን አልማልኩም» አለችኝ። በመስታወት፣ ወገቤን እንደ ጠመዘዝኩት ሽቦ አድርጌ፣ ራሴ አነሳሁት። «ዶክተር፣ ይሄ ያሰጋል ወይ?» ብዬ ላኩ። ስልኩን አስቀምጬ ሻይ ጠጣሁ።

ስመለስ መልስ ተደርድሯል።

«አላህ ያሽርህ ወንድሜ። ግን ምንድን ነው? ቲማቲም ነው?» ይላል ሙደሲር።

«ልጄ፣ እግዜር ይማርህ። ፌጦ በውሃ ለውሰህ ቀባበት» ይላሉ እትዬ አስካለ።

የማላውቀው አንድ ሰው ደግሞ «ፎቶው አልጠራም፤ ደግመህ አንሳው» ብሏል።

ለካ የላኩት ለግሩፑ ነው። ላጠፋው ስንደፋደፍ፣ ከሥሩ በግራጫ ፊደል አንዲት መስመር ብቅ አለች። ዶክተር ያሬድ ግሩፑን ለቋል።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሰውየው ዝም አለ። ይቅርታ ብዬ ጻፍኩ፤ ዝም። ይቅርታዬ ደርሶህ እንደሆን ብዬ ጻፍኩ፤ ዝም። አበባ ላኩ፤ ዝም። ጣቷ እንኳ ቀረች።

«ሰውየውን አማረርከው» አለች ሰናይት። «እኔስ ፈርሜ ነው ያገባሁህ፤ እሱ ምን በወጣው?»

«ሥራ በዝቶበት ይሆናል።»

«አዎ። ሥራው አንተ ነህ።»

ሱቅ ስቀመጥ አምፖል ሊገዛ ለመጣ ሰው ሶኬት ሰጥቼ ስሸኝ ዋልኩ። ሐኪሜን አጣሁት ብዬ ግፊቴ ወጣ። ግፊቴ መውጣቱን ለማን ልንገር? ለሱ። እሱን ደግሞ አጥቼዋለሁ። እንዲህ ስዞር ሰነበትኩና አንድ እሑድ ጠዋት ቴሌግራሙን ስከፍት የዶክተር ያሬድ ፎቶ የለም። ነጭ ጋውን ለብሶ፣ የልብ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ እጁን አጣምሮ የቆመበት ፎቶ ነበር። በቦታው ጥቁር። ድፍን ጥቁር።

እኛ አገር ፎቶ ያለ ምክንያት አይጠቁርም። ሰው ሲሞትበት ነው ሰው ፎቶውን የሚያጠቁረው፤ ይህን የማያውቅ ስልክ የያዘ ሰው የለም። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ መጀመሪያ የተሰማኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ደስታ ነው። ለካ እኔ አይደለሁም ያስቀየምኩት! ሰውየው ሐዘን ላይ ነው! ደስ ማለቴ ወዲያው አሳፈረኝና ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩ። ከዚያ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። «ወገኖቼ፣ ዶክተራችን ሐዘን ላይ ናቸው።»

«ማን ሞተባቸው?» አሉ እትዬ አስካለ።

«አላወቅኩም።»

ከዚህ በኋላ ማንም አልጠየቀም። ደውሎ «ማን ነው የሞተብህ?» ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። እኔም እስከ ዛሬ ከደረስኩት ለቅሶ ግማሹን ማን እንደሞተ ያወቅኩት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ገብታችሁ፣ አንገታችሁን ደፍታችሁ፣ «እግዜር ያጽናችሁ» ብላችሁ ጥግ ትይዛላችሁ። ቀስ በቀስ «አጎትየውኮ ትናንት ገበያ ወጥቶ ነበር» ሲባል ትሰሙና «አሃ፣ አጎት ነው» ትላላችሁ። የእኛም ሐሳብ ይኸው ነበር።

ቤቱን ሙደሲር ያውቀዋል፤ ከጊዮርጊስ በታች ባለው ቅያስ፣ መጋረጃ ያደረሰበት ቤት ነው። ከሰዓት ጊዮርጊስ በር ላይ ተገናኘን። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ በባልዲ ንፍሮ ይዘው መጥተዋል። ሙደሲር ሁለት እሽግ ውሃ ተሸክሟል። የቀሩትን የግሩፑን ሰዎች በአካል ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ የማውቃቸው በስማቸው ሳይሆን በሕመማቸው ነው። ኩላሊት ከነባለቤቱ መጣ። ሪህ እያነከሰች ዘግይታ ደረሰች። ታይሮይድ እንዲህ ረጅም ሰው ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ቅያሱ ውስጥ ስንገባ ድንኳን የለም።

«ድንኳን የት አለ?» አለ ሙደሲር።

«መንገዱ ጠቦ ነው» አልኩ እኔ፣ ሰብሳቢ ስለሆንኩ።

«ሰውስ?»

«ቀብር ክፍለ ሀገር ሄደው ይሆናል።»

«አንድም ሰው ሳይቀር?»

«ዶክተሩ የሚወደድ ሰው ነው!» አልኩት ተቆጥቼ።

በሩ ጋ ስንደርስ ጸጥ ብሏል። ከውስጥ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። እትዬ አስካለ ባልዲውን አስቀመጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ወደኛ ዞረው «ተዘጋጁ» አሉና ለቀቁት።

«ወይኔ ዶክተሬን! ምን ላድርግህ ዶክተሬ! ዶክተሬን!»

ሐዘንተኛውን ማዘናቸው ነው። እኛም ተከተልን። ኩላሊት ወገቡን ይዞ አለቀሰ። እኔ ደግሞ፣ እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ። ያልተመለሱልኝ አበቦች ሁሉ ትዝ አሉኝ።

በሩ ተከፈተ። አንዲት አሮጊት ናቸው፤ ክንዳቸው ላይ እርጥብ ልብስ፣ አፋቸው ላይ የልብስ መቆንጠጫ። እንደዚያ ያለ ፊት ሁለተኛ አያሳየኝ። የተዘቀዘቀውን ነጠላ አዩ፣ ጥቁር ኮቶቻችንን አዩ፣ «ዶክተሬን» የሚለውን ሰሙ። መቆንጠጫው ከአፋቸው ወደቀ።

«ልጄን?» አሉ። «ልጄን ምን አገኘው?»

እኛ ዘንድ መርዶ ፊት ለፊት አይነገርም። አንዱ እስኪጀምር ሌላው ይጠብቃል። ስለዚህ ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። ከአንገት መድፋት የባሰ መርዶ ደግሞ የለም።

«ያሬድዬ!» ብለው ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ።

እዚህ ላይ ጭንቅላቴ እንዴት እንደሠራ ልንገራችሁ። እናትየው በሕይወት አሉ፤ ስለዚህ የሞተው ሌላ ሰው ነው። የሚጮኹት ደግሞ ገና ስላልሰሙ ነው። ስለዚህ መርዶ ነጋሪዎቹ እኛው ሆነናል ማለት ነው። ይህን በመሰለ ብልሃት ከደረስኩበት በኋላ አጠገባቸው ተንበርክኬ ትከሻቸውን ያዝኩና «አይዞዎት እማማ፤ ሁላችንም ሂያጆች ነን» አልኳቸው።

ከዚህ ቃል በኋላ የወጣቸው ጩኸት ከጊዮርጊስ ደውል ጋር ይወዳደራል።

የጓዳው በር ተበረገደ። ዶክተር ያሬድ ነው። ፎጣ ትከሻው ላይ፣ ግማሽ ፊቱ በሳሙና አረፋ ነጭ፣ ግማሹ የተላጨ፣ ምላጭ በእጁ።

«እማዬ! ምን ሆነሽ ነው?»

ልቅሶው በአንድ ጊዜ ቆመ። ዓይኗን ጨፍና የምታለቅሰው የኩላሊት ባለቤት ብቻ ትንሽ ቆየች። እማማ ቀና ብለው አዩት።

«አለህ?»

«አለሁ።»

«አለህ?!»

«እማዬ፣ አለሁ፤ ጺሜን እየተላጨሁ ነበር።»

እማማ ነጠላ ጫማቸውን አወለቁና ወረወሩበት። «ካለህ ለምን ቶሎ አትናገርም!»

የሚቀጥለው ጊዜ በግፊት መለኪያ አለፈ። ዶክተሩ አረፋውን ሳይጠርግ እናቱን አስቀምጦ ለካ። ወጥቷል። ውሃ አጠጥቶ፣ እጃቸውን ይዞ ቆይቶ ደግሞ ለካ። ወርዷል። ከዚያ እኔ ግድግዳውን ይዤ መቆሜን አየና ክንዴን ሳበኝ። ለካኝ። ቁጥሩን አየ፣ እናቱን አየ፣ እኔን አየ።

«ጋሼ፣ ከእናቴ ይበልጣል።»

«ደንግጬ ነው።»

«እርስዎ?»

ሁላችንንም ሳሎን አስቀመጠን። የእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አረፋው ጉንጩ ላይ እየደረቀ፣ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

«ማን ሞተ ተብሎ ነው?»

«እኛማ… ለአንተው ነው የመጣነው።»

«እሺ። ማን ሞተብኝ?»

«እሱን እዚህ ስንደርስ እንሰማለን ብለን ነው» አልኩት።

ሙደሲር ጣልቃ ገባ። «ዶክተር፣ ፎቶህ ጠቆረ።»

ያሬድ ዓይኑን ጨፈነ። ትንሽ ቆይቶ ሲገልጠው የሚያየው እኔን ብቻ ነበር። «ፎቶዬን ያጠቆርኩት የምደበቅ መስሎኝ ነው። መልኬን ካላዩት ቀስ በቀስ ይረሱኛል ብዬ።» ስልኩን ከኪሱ አወጣና ማንበብ ጀመረ። «‹ዶክተር፣ ይህን ሽሮ ልብላው።› ‹ዶክተር፣ ሽሮውን በላሁት።› ‹ዶክተር፣ ትናንት የበላሁት ሽሮ አሁን የት ደርሶ ይሆን።›»

ታይሮይድ ሳቁን ለማፈን ነጠላ አፉ ውስጥ ከተተ። የራሱ አልነበረም፤ የእትዬ አስካለ ነው።

ያሬድ ግን አልሳቀም። «ጋሼ፣ እርስዎን እወድዎታለሁ። ግን እኔ ሌሊት ተረኛ ሆኜ የማድርበት ጊዜ አለ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር አንድ ሰው ተጨንቆ ነው እላለሁ። ደረጃ ላይ ቆሜ እከፍተዋለሁ። ሽሮ ነው። ደግሞ ይጮኻል፣ አበባ ነው። አሁን አሁን ሲጮኽ ዝም እላለሁ። አንድ ቀን እውነተኛው ሕመምተኛ ሲመጣ ሽሮ መስሎኝ እንዳላልፈው ነው የምፈራው።»

ምን ያህል እንዳስቸገርኩት ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ልጁን ላለማጣት ስል፣ እኔው ራሴ ሳባርረው ከርሜአለሁ።

«ስለዚህ» አለ፣ «ካርድዎን ለሌላ ሐኪም ላስተላልፈው አስቤአለሁ። ጎበዝ ሐኪም ነው። ለሁለታችንም የሚሻል ይመስለኛል።»

የምለው ብዙ ነበር። ይቅርታ፣ እባክህ፣ ካንተ ሌላ ማን ያዳምጠኛል። ከአፌ የወጣው ግን ይህ ነው።

«ቴሌግራም አለው?»

ያሬድ ፊቱን በፎጣው ሸፈነ።

በዚህ መሃል እማማ ጥሩነሽ፣ እናትየው ማለቴ ነው፣ ከተቀመጡበት እኛን አንድ በአንድ ሲያዩ ቆይተዋል። አሁን ተነሱ። የምባረር መስሎኝ እኔም ተነሳሁ።

«ቁጭ በል አንተ» አሉኝ። ወደ ልጃቸው ዞሩ። «የምን ካርድ ነው የምታስተላልፈው?»

«እማዬ፣ ገድለውሽ ነበርኮ።»

«ገድለውኝ ነበር፤ አልሞትኩም። አንተ ግን ስማ። መንገዱ ሲሰፋ ጎረቤቴ ሁሉ ወደ ከተማው ዳር ሄደ። እድሩም አብሮ ተበተነ። ከዚያ ወዲህ ይህን በር መብራት ቆጣሪ ሊያነብ ከሚመጣው በቀር ማን አንኳክቶት ያውቃል? አንተ በጠዋት ወጥተህ ከተኛሁ በኋላ ትገባለህ። ብሞት ማን ይመጣል እያልኩ ነበር የምጨነቀው። ዛሬ አየሁት።» እትዬ አስካለን በጣታቸው ጠሩ። «አንቺ፣ ስምሽ ማን ነው?»

«አስካለ እባላለሁ እትዬ።»

«አለቃቀስሽ ጥሩ ነው። ዱሮ እንዲህ ያለ ነበር። የእኔ ቀን ሲደርስ አንቺ ነሽ የምትጀምሪው።»

«ምን ገዶኝ እትዬ፤ ከቀደምኩዎ ግን እርስዎ ይመጣሉ።»

«እመጣለሁ።» ወደ ሙደሲር ዞሩ። «አንተን አውቅሃለሁ። መጋረጃዬን ያሳጠርከው አንተ ነህ።»

«ታጥቦ ነው የገባው እማማ!» አለ ሙደሲር፣ ውሃውን እንደ ካሳ እያቀረበ።

ከዚያ ማንም ያልሞተበት ንፍሮ ተበላ። በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ንፍሮ የለም፤ ያለ ሐዘን ሲበላ ለካ ጨው አያንሰውም። ሪህ ጉልበቷን ለእማማ አሳየች፣ እማማም የራሳቸውን አሳዩዋት። ኩላሊት ስለ ድሮ ሰፈሩ ሲያወራ እማማ ያክስቱን ልጅ አወቋት። ያሬድ ቀሪ ግማሽ ጺሙን ተላጭቶ ሲመለስ፣ ሳሎኑ ከክሊኒኩ አግዳሚ የተለየ አልነበረም። ዳኝነቱ ያለቀው በዚህ ጊዜ ነው።

«ስልክህን አምጣ» አሉኝ እማማ። «የልጄን ቁጥር አጥፋው። እዚህ፣ እያየሁህ።»

አጠፋሁት። ሥጋዬን እንደመቁረጥ ሆነብኝ።

«ካመመህ ደረጃውን ወጥተህ፣ ወረፋ ይዘህ ትታያለህ። ካላመመህ አትጽፍም። አንተም» አሉት ልጃቸውን፣ «በዚህ ከጸና ካርዱን አትነካበትም።»

ያሬድ ወደ እኔ ዞረ። «ከጸና» አለ።

«አሁን የእኔን ቁጥር መዝግብ» አሉኝ እማማ። «እሱ ሥራ አለው። እኔ ሥራ የለኝም።»

«እማዬ፣ ኧረ ተይ!» አለ ያሬድ።

«ዝም በል አንተ፣ ልጁ ቃሉን ይጠብቃል።» ሃምሳን አልፌ ልጁ ተባልኩ።

ጸናሁ። ለዶክተሩ አንዲት አበባ እንኳ አልላኩም። መላክ ብፈልግም ጊዜ የለኝም። እማማ ጥሩነሽ ከእኔ የበለጠ ስቲከር አላቸው። ጠዋት ሳልነቃ የዕለቱ ታቦት ይደርሰኛል፤ ሱቅ ስከፍት ቮይስ ይገባል። ቮይሱ ሲጀምር አምፖል የሚገዛ ሰው ገብቶ፣ ተከራክሮ፣ ገዝቶ ሲወጣ እሳቸው ገና ሰላምታው ላይ ናቸው። አንድ ቀን ፎቶ ላኩ። ጉልበት ነው። «ልጄ፣ ይሄ ያበጠው ውሃ ቋጥሮ ነው ወይስ ብርድ ነው?» ይላል። እኔ የማውቀው አምፖል ሲበራና ሲጠፋ ነው። ግን ሰው ጠይቆ ዝም ሲባል ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁና «ጨው ይቀንሱ» ብዬ መለስኩ። አውራ ጣት ላኩልኝ።

የቀጠሮዬ ቀን ደረጃውን ወጣሁ። ወረፋ ጠበቅኩ። ያሬድ ለካኝ፤ ደግሞ ለካኝ።

«በጣም ወርዷል ጋሼ። ምን አድርገው ነው?»

«እንጃ። ውሎዬ ሰው ማዳመጥ ሆኗል።»

ሳቀ። ካርዱ ላይ ጻፈና «ሦስት ወር ቆይተው ይምጡ» አለ። እንደ ልማዱ ብዕሩን አስቀምጦ «ሌላ የሚያሳስብዎት ነገር አለ?» ብሎ ዝም ብሎ ጠበቀኝ።

ስልኬን አወጣሁ። ገና ሲያየው ሰውነቱ ሲሸማቀቅ ታየኝ። «ቃሌን አላፈረስኩም» አልኩትና ፎቶውን አሳየሁት። «ይሄ ጉልበት።»

«የእርስዎ ነው?»

«አይደለም።»

ስልኩን ተቀበለኝ። በሁለት ጣት አሰፋው። ጉልበቱን ትቶ ከሥሩ ያለውን ምንጣፍ ማየት ጀመረ። ፊቱ ተለወጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆይቷል። ለምን ለልጅዎ አያሳዩም ስላቸው፣ ደክሞት ነው የሚገባው፣ ቤቱ ደግሞ ሌላ ክሊኒክ አይሁንበት አሉኝ።»

ስልኩን መለሰልኝ። ከሥር የኬኩ ሽታ መጣ። «ዛሬ ቀደም ብዬ እገባለሁ፤ አየዋለሁ ይበሉልኝ» አለ።

«አንድ ቤት አይደለም እንዴ የምትኖሩት?»

ካርዴን መልሶ ሳበና ሦስት ወር ያለውን ሰርዞ ሳምንት ብሎ ጻፈበት።

«ግፊቴ ወርዷል አላልከኝም?»

«እርስዎማ ደህና ነዎት ጋሼ» አለ፣ ካርዱን እየሰጠኝ። «እናቴን በእርስዎ በኩል ልከታተላት ብዬ ነው።»